የመላጊያ ማሽን ቢላ ቤት ውስጥ ይሳላል፤ በግራይንደር ግን አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልህ ከፍኖተ ሰላም ነው። ግቢዬ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ማሽኔ ኮምባይንድ ነው፤ ከላይ ጎን ያስተካክላል፣ ከታች ውፍረት ያወጣል። ባለ 30 ሳንቲም ሦስት ቢላ አለው። ቢላዎቹን በጠረጴዛ ግራይንደር ራሴ እስላለሁ። ሲግሉ ውሃ ውስጥ እነክራቸዋለሁ። ግን ጠርዛቸው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሁለት ቀን ሳይሠሩም ይደንዛሉ። ጣውላው ላይ ሞገድም መስመርም ይወጣል። ማሽኑም ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ አሁን ይንቀጠቀጣል። ይበልጥ ስል ይሁኑ ብዬ ሰያፉን፣ ወደ ስለቱ የሚወርደውን ተዳፋት ፊት፣ አሹዬው ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ደብረ ማርቆስ ልኬ እንዳላስል ሥራ ያስፈታኛል። ቤቴ ሆኜ በደንብ ለመሳል የትኛውን ግራይንደር ልግዛ?»

ምላሽ፦ ምንም ግራይንደር አትግዛ። በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ዙር ሦስት ቢላ ግዛ።

የጻፍክልኝ ችግር አንድ ሳይሆን አራት ነው። ቶሎ የሚደንዘው ከአሳሳልህ የተነሳ ነው። ሞገዱ ከአስተሳሰርህ ይመጣል። መስመሩ ከሽራፊ ነው። መንቀጥቀጡ የክብደት ልዩነት ነው። አንተ ግን አራቱንም «ቢላው ስል አይደለም» ብለህ አንድ ላይ ጠቅልለሃቸዋል። አዲስ ግራይንደር አንዱንም አይፈታልህም።

ከሰማያዊው ልጀምር። ብዙ አናጢ «ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ሞቷል» ይላል። ለካርቦን ብረት እውነት ነው። እሱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ጥንካሬውን መልቀቅ ይጀምራል፤ ሰማያዊው ቀለም የሚታየው ደግሞ 300 አካባቢ ነው። የማሽን ቢላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤች ኤስ ኤስ ከሚባለው ብረት ነው የሚሠራው። ይህ ብረት እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ድረስ ጥንካሬው አብሮት ይቆያል። ስለዚህ ቀለሙን አይተህ ብቻ ቢላው ሞቷል አትበል። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ውሃህን ነው። የጋለ ኤች ኤስ ኤስ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ስለቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ቢላው ታስሮ እንጨት መምታት ሲጀምር ያ ስንጥቅ ይፈረፈራል። ሁለት ቀን ሳይሠራ የደነዘ የመሰለህ ቢላ እውነቱን ለመናገር አልደነዘም፤ ረግፏል።

ቢላህ ከየትኛው ብረት እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ገጹን እይ፤ ብዙ ጊዜ ተቀርጾበታል። ከሌለ የማይቆርጠውን የጫፉን ጥግ ለአፍታ ግራይንደር አስነካው። ካርቦን ብረት ብሩህ ቢጫ፣ እንደ ርችት የሚፈነዳ ፍንጣሪ ይረጫል። የኤች ኤስ ኤስ ፍንጣሪ ጥቂት፣ ደብዛዛና ወደ ቀይ ያደላ ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ የኤሌክትሪክ መላጊያ ላይ ያለው ባለ 82 ሚሊ ቀጭን ባለ ሁለት ስለት ቢላ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ይገለበጣል፣ ሁለቱም ጎኑ ሲያልቅ ይጣላል። አትድከምበት።

ሁለተኛው ስህተትህ ሰያፉን ማሾልህ ነው። ይህ የሽንኩርት ቢላ አስተሳሰብ ነው። የማሽን ቢላ እንጨቱን የሚመታው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ቀጭን ስለት ያን ዱላ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ነው የሚበጀው። አንተ ሰፈር በብዛት የሚላገው ደረቅ ባሕር ዛፍ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎም ወይራ ስለሚመጣ፣ 40ውን ያዝ። ዋንዛ ብቻ ብትሠራ ኖሮ 35ም ይበቃህ ነበር፤ ዋንዛ ለቢላ ደግ እንጨት ነው።

ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግህም፤ ማስመሪያ ይበቃል። የቢላው ውፍረት 3 ሚሊ ከሆነ በ40 ዲግሪ የተሳለ ሰያፍ ስፋቱ 4.7 ሚሊ ገደማ ነው። በ35 ዲግሪ 5.2 ይሆናል። 6 ሚሊ ካገኘህ፣ ማለትም የውፍረቱ እጥፍ ከሆነ፣ 30 ዲግሪ ላይ ወርደሃል። የአንተን አሁኑኑ ለካው። ከ6 ሚሊ ቢበልጥ አልገረምም።

ወደ ሞገዱ ልምጣ። ሦስት ቢላ ያለው ዘንግ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ቢዞር እንጨቱን 12,000 ጊዜ ይመታል። ጣውላው በደቂቃ 8 ሜትር ቢገባ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.7 ሚሊ አይሞላም። ያን ዓይን አይለየውም፤ እጅም ለስላሳ ነው ይላል። አንደኛው ቢላ ከጓደኞቹ በፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ከታሰረ ግን የመጨረሻውን ገጽ የሚያወጣው እሱ ብቻ ይሆናል። ያኔ ርቀቱ 2 ሚሊ ይገባል፤ ሞገዱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥንድ በሬ ጠምደህ አንዱ ሲስብ ሌላው ቀንበር ተሸክሞ ብቻ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጣውላህ ላይ በ2 ሳንቲም ውስጥ ስንት ሞገድ እንዳለ ቁጠር። አሥር አካባቢ ከሆነ ማሽንህ በአንድ ቢላ ነው የሚሠራው። ይህን መሳል አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው አስተሳሰር ነው፤ እመለስበታለሁ።

መስመሩ ከሞገዱ የተለየ ነው። ጣውላው ላይ በርዝመቱ የሚሄድ ክር የመሰለ ጉብታ ካየህ ቢላዎቹ በዚያ ቦታ ተሸርፈዋል። ምስማር ይሆናል፤ ከኮንክሪት ሥራ የተመለሰ ጣውላ ላይ የቀረ ሲሚንቶም ይሆናል። መሬት ላይ ተጎትቶ የመጣ የባሕር ዛፍ አጣና ልጡ ውስጥ ያለው አሸዋም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሽራፊው ትንሽ ከሆነ ሳትስለው የሚያልፍ ዘዴ አለ። ከሦስቱ አንዱን ቢላ ፈታ አድርገህ 1 ወይም 2 ሚሊ ወደ ጎን ግፋው። ሽራፊዎቹ በአንድ መስመር መግጠማቸው ይቀራል፤ አንዱ የተወውን ሌላው ይጠርገዋል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንቱን ጤነኛ ብረት ፈጭተው የጨረሱ አሉ፤ እኔም አንድ ሰሞን ከነሱ ነበርኩ።

መንቀጥቀጡ ነው የሚያሳስበኝ። ቢላ በእጅ ይዘህ ግራይንደር ላይ ስትስል ከአንዱ 1 ሚሊ፣ ከሌላው 2 ሚሊ ትወስዳለህ። አንዱም ጫፉ ጋ ይቀጥናል። ልጅ ሆኜ ቢቸና አጠገብ በኅዳር ጤፍ ሲታጨድ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ድንጋይ ላይ አፏጭተው ይመለሱ ነበር። ማጭዱ ቢቀጥንም ቢጎብጥም ችግሩ የባለቤቱ ብቻ ነው። የማሽን ቢላ ግን ሦስት ሆኖ በአንድ ዘንግ ይዞራል። አንዱ ከከበደ ዘንጉ ሚዛን ይስታል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ብሎኑም ይላላል። ሦስቱንም መዝናቸው። የወጥ ቤት ሚዛን ግራም በግራም ካላሳየህ ወርቅ ቤት ጎራ በል፤ ቢስቁብህም ይመዝኑልሃል። ልዩነቱ ከ1 ግራም በታች ቢሆን ነው የምወደው። ስፋታቸውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። እግረ መንገድህን ቺንጋውንና ኩሽኔታውን ፈትሽ፤ አንዳንዴ ቢላው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር። ማጽዳትና ስለት መመለስ።

ማጽዳቱን አትናቅ። የጥድ ሙጫና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭማቂ ስለቱ ላይ ይጋገራል። የተጋገረበት ቢላ ይግላል፣ እንጨት ያቃጥላል፣ ልክ እንደ ዱልዱም ይሆናል። ማሽኑን ከሶኬት ንቀልና በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጽዳው። ከዚያ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ ጥቁር ሆኖ ይጠፋል። የደነዘ ጠርዝ ነጭ ክር ሆኖ ያበራል። ክሩ ከሌለ አትሳለው፣ ሥራህን ቀጥል።

ክሩ ካለ በእጅ ትስላለህ። የሚያስፈልግህ ወፍራም ጠፍጣፋ መስተዋት ወይም የተረፈ የግራናይት ቁራጭ፣ ውሃ የማይፈራው ጥቁሩ ብርጭቆ ወረቀትና የእንጨት መያዣ ነው። መያዣውን ራስህ ሥራው። ከደረቅ እንጨት 30 ሳንቲም የሚረዝም፣ ሁለት ጎኑ እንደ ቤት ክዳን ተዳፋት የሆነ ቁራጭ አውጣ። ታቹ 10 ሳንቲም ይስፋ፤ መሐሉ ላይ ከፍታው 4.2 ሳንቲም ይሁን። ይህ በሁለቱም በኩል 40 ዲግሪ ይሰጥሃል። በየተዳፋቱ አንድ አንድ ቢላ አስተኛ። ሰያፉ ወደ ታች፣ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ስለቱም ከክዳኑ ጠርዝ በጥቂቱ ይውጣ። ከላይ በቀጭን እንጨትና በቪስ እሰረው። መስተዋቱ ላይ ስታቆመው መያዣው በሁለቱ ሰያፎች ላይ ብቻ መቆም አለበት።

ሰያፉን በማርከር ቀባውና ሁለት ጊዜ ግፋ። ቀለሙ ከሰያፉ ሁሉ እኩል ከለቀቀ ማዕዘንህ ገጥሟል። ስለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከለቀቀም አትጨነቅ፤ የድሮው ሰያፍ ከ40 በጥቂቱ ያነሰ ነው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ቀጭን አዲስ ሰያፍ ይወጣለታል፤ እንዲያውም ጉልበት ይቆጥብልሃል። ከኋላ በኩል ብቻ ከለቀቀ ግን ስለቱን አልነካኸውም፤ መያዣህን አስተካክል። ከ400 ቁጥር ጀምር፣ ወደ 800 እለፍ፣ በ1500 ወይም 2000 ጨርስ። ወረቀቱን ሳሙና ጠብ ባደረግህበት ውሃ አርጥበው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ካነጠፍህ መጋጠሚያው ያልተሳለ ቦታ እንዳይተውብህ መያዣውን ሰያፍ አድርገህ ግፋ።

ቢላዎቹ ሦስት ናቸው፣ መያዣው ሁለት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቁጥር ጻፍባቸው። መጀመሪያ 1ኛውና 2ኛው፣ ቀጥሎ 2ኛውና 3ኛው፣ በመጨረሻ 3ኛውና 1ኛው። በእያንዳንዱ ዙር የግፊቱ ብዛት እኩል ይሁን፤ ጮክ ብለህ ቁጠር። ከሁሉም እኩል ብረት የሚነሳው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ሚዛናቸውም አይዛባም። ሲያልቅ ስለቱ ጀርባ ላይ በጣት የሚሻክር ቀጭን ፀጉር ይቀራል። ጠፍጣፋውን ፊት 2000 ቁጥሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝተህ ሦስት አራት ጊዜ ሳበው። ከኋላ ቅንጣት እንዳታነሳው። ካነሳኸው የልፋትህን ግማሽ አፈረስክ።

የዚህ ሥራ ሌላው ጥቅም መብራት አለመፈለጉ ነው። መብራት በጠፋበት ከሰዓት ትጨርሰዋለህ።

ወሰኑንም እወቅ። በወረቀት የሚነሳው 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ያህል ነው። ከዚያ የባሰ ሽራፊ፣ የጎበጠ ስለት ወይም እንዳንተ የተበላሸ ማዕዘን በእጅ አይመለስም። ቢላው አልጋ ላይ ታስሮ ማቀዝቀዣ እየፈሰሰበት የሚስል ማሽን ያለው ቤት መላክ አለበት። ሁለተኛ ዙር ቢላ ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው። አንዱ ሲላክ ሌላው ይሠራል፤ ሥራ አትፈታም። የምትልክበት ቤት በእጅ ይዞ ግራይንደር ላይ የሚስል ከሆነ ግን ይዘህ ተመለስ። ያን አንተም ታውቅበታለህ።

አሁን አስተሳሰሩ። ከመሳሉ እኩል ነው፤ እኔን ከጠየቅከኝ ይበልጣል። ሶኬቱን ንቀል። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው አይታወቅም። እያንዳንዱን ማጥበቂያ ብረት ከወጣበት ጎድጓዳ ጋር ቁጥር ስጠው፤ እነሱም የራሳቸው ክብደት አላቸው፣ አታለዋውጣቸው። ጎድጓዳውን ከሰጋቱራና ከሙጫ አጽዳ። አንዲት ፍቅፋቂ ሥር ከቀረች ቢላው አያርፍም። ስለቱ ከዘንጉ ገጽ 1 ሚሊ ገደማ ብቻ ይውጣ።

ከፍታውን ለማስተካከል ውድ መለኪያ አትፈልግ። 30 ሳንቲም የሚሆን ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ጣውላው በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ አስተኛ፤ ጫፉ ከቢላው በላይ ይለፍ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንጨቱን ምልክት አድርግ። አሁን ቢላዎቹ የታሰሩበትን ዘንግ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ቢላው እንጨቱን ነክቶ ትንሽ ወደፊት ይሸከመዋል። ሲለቀው ሁለተኛ ምልክት አድርግ። በሁለቱ መካከል 3 ሚሊ ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። ዋናው ግን ልኩ ራሱ አይደለም፤ በቢላው ግራ ጫፍም በቀኝ ጫፍም፣ በሦስቱም ቢላ ላይ ያው መሆኑ ነው። አንዱ ጫፍ 3፣ ሌላው 6 ከተሸከመ አንድ በኩል ከፍ ብሏል። በቀጭን እንጨት መታ መታ አድርገህ ዝቅ አድርገው፤ በመዶሻ ብረት እንዳትነካው።

ብሎኖቹን በአንዴ አታጥብቅ። ሁሉንም መጀመሪያ ልል አድርገህ ያዝ፣ ለካ፣ ከዚያ እየተፈራረቅህ አጥብቅ፤ ደግመህም ለካ። ሲጠብቅ ቢላው ብቅ ማለት ልማዱ ነው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተህ ጉልበት አትጨምር፤ ጥርሱን ትገነጥለዋለህ። ከዚያ ማሽኑን ከጎን ቆመህ ለአንድ ደቂቃ ባዶውን አዙር፣ አጥፋ፣ ሶኬት ንቀል፣ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሽ።

ከጎን ቆመህ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ተቀጥሬ በሠራሁበት የመጀመሪያ ቤት አንድ ቢላ አምልጦ ግድግዳው ላይ ሲሰካ አይቻለሁ። ያሰረው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ብሎን ረስቼ። ዲያሜትሩ 7.5 ሳንቲም የሆነ ዘንግ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ስለቱ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። የሚበር ባጃጅ ፊት ምላጭ ታስሮ እንደማለት ነው። ለዚህም ነው ያለቀ ቢላ መልሰህ እንዳታስር የማስጠነቅቅህ። የማሽኑ መመሪያ ትንሹን ስፋት ይናገራል። መመሪያው ከጠፋብህ፣ አዲስ ሳለ 30 ሚሊ የነበረ ቢላ 20 ከደረሰ እኔ አላስረውም፤ ማጥበቂያው በቂ አካል አያገኝም።

ሌላም የማያስፈልግ ድፍረት አለ። ማሽኑ እየዞረ ድንጋይ ወደ ቢላው የሚያስጠጉ አሉ። ፋብሪካ ውስጥ ለዚሁ በተሠራ መያዣ ይደረጋል። አንተ በእጅህ እንዳትሞክረው። ጓንትም ቢላ ስትፈታና ስትስል አድርግ፤ ማሽኑ ሲነሳ ግን አውልቅ፤ ጓንት ከያዘ እጅህን ይዞ ይገባል።

ለዚህ ሳምንት የማዝህ ይኸው ነው። አሁን ያሉህን ሦስት ቢላዎች ፍታና ማርቆስ ላካቸው። ስፋታቸው ካለቀ ግን አትላክ፤ ጣላቸውና ሁለት ዙር ግዛ። ወረቀት ላይ ጻፍላቸው፦ «40 ዲግሪ፤ ሦስቱም እኩል ስፋት፤ ሰማያዊው ቦታና ስንጥቁ እስኪያልቅ ይነሳ።» ሲመለሱ መዝናቸው። እስከዚያ በአዲሱ ዙር ሥራ፤ ስለቱ ነጭ ክር ማሳየት ሲጀምር በመስተዋቱ ላይ መልሰው። ስትልክ ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልለህ ለረዳት እንዳትሰጥ። እኔ አንዴ እንደዚያ ልኬ የረዳቱ ጣት ተቆርጦ የሕክምናውን ከፍያለሁ። እንጨት ላይ በመጋዝ ጎድጓዳ አውጣ፣ ስለቱን እዚያ ክተት፣ በፕላስተር እሰር፣ ላዩ ላይ «ስለት አለው» ብለህ በትልቁ ጻፍ።